የጂን ምርመራ ዋጋ ወረደ፤ ሂሳቡ ግን አልተዘጋም

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ምክሩ በዱቤ ለሚሸጥ ነጋዴ ወይም ያለ ዋስ ለሚያበድር ባለገንዘብ የተነገረ ይመስል ነበር። አሁን ግን ጥርጣሬው ራሱ በላቦራቶሪ ተመርምሮ፣ ዋጋ ተቆርጦለት የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። ሻጮቹ «የጂን ተጋላጭነት ምርመራ» ይሉታል። ያልታመመ ሰው ጥቂት ደም ወይም ምራቅ ይሰጣል፤ ላቦራቶሪው ከወላጆቹ የወረሰውን ጂን አንብቦ፣ ይህ በሽታ ወደፊት ሊይዘው የሚችልበት ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ይነግረዋል።

ይህ ንግድ በአሜሪካ በሁለት ጂኖች ላይ ቆሞ ሰላሳ ዓመት ያህል ተጉዟል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብቸኛ ሻጭ ነግሦበታል፤ ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ዋጋው ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ተነስቶ እስከ 249 ዶላር ወርዷል፤ በቢሊዮን ዶላር የተገመቱ ኩባንያዎችም በኪሳራ ለጨረታ ቀርበዋል። ነገሩን ከሩቅ ለሚመለከት ነጋዴ እንግዳ የሚሆንበት፣ ዕቃው እየረከሰና ፈላጊው እየበዛ ሻጮቹ መክሰራቸው ነው።

ምክንያቱ ግን ውስብስብ አይደለም። የረከሰው ንባቡ እንጂ ትርጉሙ አይደለም። ጥቅሙም የሚገኘው ደሙን ከሰጠው ከአንዱ ሰው ዘንድ ብቻ ሳይሆን ከዘመዶቹ ሁሉ ነው። ይህን ያልቆጠረ፣ ሻጭም ሆነ ገዥ፣ ሂሳቡ ይዛባበታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃው ምንድን ነው?

ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ሰውነት ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ መመሪያ ነው። ሁለቱ ባለታሪክ ጂኖች «ብራካ 1» እና «ብራካ 2» ይባላሉ። ሥራቸው በሴሎቻችን ውስጥ የሚደርሰውን የዘረመል ጉዳት መጠገን ነው። ማንኛውም ሰው ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት ይመጣል።

ነገሩን በብድር ቋንቋ ማየት ይቻላል። ሁለት ዋስ ያለው ብድር አንዱ ዋስ ቢጠፋ በሌላው ይቆማል። የተበላሸ ቅጂ የወረሰ ሰው ግን ከልደቱ ጀምሮ በአንድ ዋስ ብቻ የቆመ ነው። ያ አንዱ በዕድሜ ብዛት በአንዲት ሴል ውስጥ ሲበላሽ ጥገናው ይቆማል፤ ካንሰርም መንገድ ያገኛል።

ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2017 የወጣ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው፣ የተበላሸ ብራካ 1 ያላት ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 72 በመቶ፣ ብራካ 2 ያላት ደግሞ 69 በመቶ ነው። ለእንቁላል ማመንጫ ካንሰር ደግሞ 44 እና 17 በመቶ ነው። በአሜሪካ በጠቅላላው ሴቶች ዘንድ የጡት ካንሰር ዕድል 13 በመቶ ገደማ፣ የእንቁላል ማመንጫው ከ2 በመቶ በታች መሆኑን ልብ ይሏል።

ይሁን እንጂ ካንሰር ሁሉ በዘር የሚመጣ አይደለም። ከመቶ የጡት ካንሰር ሕሙማን መካከል በዘር የተላለፈ ብልሽት የሚገኝባቸው ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት ናቸው። ብልሽቱን የተሸከመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ልክ ሳንቲም ወደ ላይ እንደመወርወር። ብዙዎች የሚስቱት፣ አባትም እንደ እናት እኩል የሚያስተላልፍ መሆኑን ነው። «የጡት ካንሰር በእናቴ ወገን የለም» ብሎ የሚረጋጋ ሰው የአባቱን እኅቶች መቁጠር ረስቷል።

አውቆ ምን ይደረጋል? ለሚለው ጥያቄ መልስ አለው። የተበላሸ ጂን የተገኘባት ሴት ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ ጡቷን በኤምአርአይ እንድትታይ፣ ልጅ ወልዳ ከጨረሰች በኋላም ብራካ 1 ከሆነ ከ35 እስከ 40፣ ብራካ 2 ከሆነ ከ40 እስከ 45 ባለው ዕድሜ የእንቁላል ማመንጫዋን እንድታስወጣ ይመከራል። ጡትን አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና ማስወገድም አንዱ ምርጫ ነው። እንግዲህ የምርመራው ዋጋ ያለው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከወረቀቱ በኋላ በሚመጣው ሥራ ላይ ነው።

አንድ ሻጭ፣ አንድ ዋጋ

ሜሪ ክሌር ኪንግ የተባሉት ሳይንቲስት የመጀመሪያው ጂን የት እንደሚገኝ በ1990 አመለከቱ። ከዚያ በኋላ ጂኑን ቀድሞ በእጅ ለማስገባት እሽቅድምድም ተጀመረ። በ1994 ያሸነፈው በዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ሲቲ የተቋቋመው ሚርያድ ጄኔቲክስ ኩባንያና አጋሮቹ ናቸው። ኩባንያው በ1995 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ፤ በ1996 ምርመራውን መሸጥ ጀመረ፤ በሁለቱም ጂኖች ላይ ፓተንት አወጣ።

ፓተንት ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነው። ሚርያድም መብቱን አጥብቆ ያዘ። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሁለቱን ጂኖች ለሕሙማን እንዳይመረምሩ በደብዳቤና በክስ ከለከላቸው። በአሜሪካ ሙሉውን ምርመራ የፈለገ ሁሉ ወደ አንድ በር ብቻ ሄደ። ዋጋው ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዶላር ደረሰ። በጁን 2013 በተዘጋው የበጀት ዓመት የኩባንያው ገቢ 613 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ አብላጫው የመጣው ከዚሁ ከአንዱ ምርመራ ነበር።

ብቸኛ ሻጭ ያለበት ገበያ የሚጎዳው ኪስን ብቻ አይደለም። ውጤቷን የተጠራጠረች ሴት ቀዶ ሕክምና ከማድረጓ በፊት በሌላ ላቦራቶሪ ላስደግመው ብትል የምትሄድበት አልነበራትም። ከዚህም በላይ ኩባንያው ከ2004 ጀምሮ ከደንበኞቹ ደም ያነበባቸውን የጂን ለውጦች ለሕዝብ መዝገብ ማካፈሉን አቆመ። የትኛው ለውጥ አደገኛ፣ የትኛው ምንም እንዳልሆነ የሚያሳየው መዝገብ የንግድ ምሥጢር ሆነ።

ጁን 13 ቀን 2013

በሜይ 2009 የሐኪሞች ማኅበራት፣ ተመራማሪዎችና ሕሙማን በአንድ ላይ ሆነው ክስ መሠረቱ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ በሰው አካል ውስጥ ተፈጥሮ ያስቀመጠችውን ጂን ፈልጎ ያገኘ ሰው «የእኔ ፈጠራ ነው» ሊል ይችላልን?

ክርክሩ ሊጠናቀቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ በሜይ 14 ቀን 2013፣ ተዋናይዋ አንጀሊና ጆሊ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ባወጣችው ጽሑፍ እናቷ በ56 ዓመቷ በካንሰር እንደሞተች፣ እርሷም የተበላሸ ብራካ 1 እንደተገኘባትና ሁለቱንም ጡቶቿን አስቀድማ እንዳስወጣች ገለጸች። የምርመራው ዋጋ በአሜሪካ ከ3 ሺህ ዶላር በላይ መሆኑ ለብዙ ሴቶች እንቅፋት እንደሆነም አልደበቀችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ጂን ምርመራ ያልሰማ የከተማ ሰው ጥቂት ነው።

በጁን 13 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘጠኝ ዳኞች ሙሉ ድምፅ ፈረደ። ውሳኔውን ያነበቡት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ናቸው። ተፈጥሮ የሠራችው ጂን ተለይቶ ስለወጣ ብቻ በፓተንት አይያዝም፤ በላቦራቶሪ በሰው እጅ የተቀናበረ ቅጂ ግን ሊያዝ ይችላል የሚል ነበር። በዚያው ቀን ሌሎች ላቦራቶሪዎች ምርመራውን እንሸጣለን ብለው አወጁ፤ አንዱ 995 ዶላር ዋጋ ለጠፈ። የሚርያድ አክሲዮን ግን በማለዳው ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። የውሳኔው ሁለተኛ ክፍል ያስደሰታቸው ባለአክሲዮኖች የመጀመሪያውን ክፍል ሲረዱ፣ ገበያው ሲዘጋ ዋጋው ከትናንቱ ወርዶ አደረ።

የቆጡን አወርድ ብላ

ከዚያ በኋላ የሆነው በማንኛውም ገበያ በሩ ሲከፈት የሚሆነው ነው። በ2015 ከለር የተባለ አዲስ ኩባንያ 19 ጂኖችን በ249 ዶላር አነባለሁ ብሎ ወጣ። ማንበቢያ መሣሪያው ራሱ ረክሶ ነበር። በ2003 የተጠናቀቀው የሰውን ዘረመል በሙሉ የማንበብ ዓለም አቀፍ ሥራ 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲፈጅ፣ በ2014 ኢሉሚና የተባለው መሣሪያ አምራች አንድን ሰው በ1 ሺህ ዶላር ማንበብ ይቻላል ብሎ አስታወቀ።

በዋጋው ውድድር ከሁሉም በላይ የሮጠው ኢንቪቴ የተባለው ኩባንያ ነው። ስሌቱ ለብዙ ነጋዴ የታወቀ ነው፤ በርካሽ ሽጦ ደንበኛውን በሙሉ ሰብስቦ፣ ትርፉን ኋላ መልቀም። በ2021 ሶፍትባንክ ከሚባለው የጃፓን ባለሀብትና ከሌሎች 1.15 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ሌሎች ኩባንያዎችንም ገዛ። ነገር ግን እያንዳንዱ ምርመራ ከሚያስገባው የሚያስወጣው በዛ። የወለድ መጠን ሲጨምርም አዲስ ገንዘብ አልተገኘም። በፌብሩዋሪ 2024 ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ላብኮርፕ የተባለው ነባር የላቦራቶሪ ድርጅት በ239 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ትርፉ ታዲያ የት ሄደ? አንደኛው መንገድ ወደ መድኃኒት አምራቾች ነው። በዲሴምበር 2014 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦላፓሪብ የተባለውን የአስትራዜኔካ መድኃኒት የብራካ ብልሽት ላለባቸው የእንቁላል ማመንጫ ካንሰር ሕሙማን ፈቀደ። መድኃኒቱን ለማዘዝ በቅድሚያ ጂኑ መነበብ አለበት። በ2017 መርክ የተባለው ኩባንያ ከአስትራዜኔካ ጋር በዚህና በሌላ አንድ መድኃኒት ላይ ለመሥራት እስከ 8.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ገባ። ምርመራው የበሩ ቁልፍ፣ መድኃኒቱ ደግሞ ቤቱ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወደ መዝገብ ባለቤቶች ነው። አምብሪ ጄኔቲክስ የተባለውን ላቦራቶሪ ቴምፐስ የተሰኘው ኩባንያ በ2025 መጀመሪያ በ600 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ አጠቃሎታል። ቴምፐስ ዋና ሥራዬ የሚለው የሕክምና መረጃን ሰብስቦ መተንተን ነው።

ዋናው ደንበኛ ቤተሰቡ ነው

እስካሁን የተባለው ስለ ሻጮች ነው። ወደ ገዥው ሲመጣ ግን ሂሳቡ ሌላ መልክ አለው። ለምሳሌ ያህል፣ በ46 ዓመቷ የጡት ካንሰር የተገኘባትን አንዲት እናት እንውሰድ። አራት እኅትና ወንድም፣ ሦስት ልጆች አሏት። ሐኪሟ ጂኗን አስመርምሮ የብራካ 2 ብልሽት አገኘ። ይህ ውጤት ለእርሷ ሕክምናዋን ለመምረጥ ይጠቅማል። ለሰባቱ ዘመዶቿ ግን ገና ላልመጣ በሽታ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው። እያንዳንዳቸው ብልሽቱን የመሸከም ዕድላቸው 50 በመቶ ነው፤ ወንድሟም ቢሆን ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ለራሱም የፕሮስቴት ካንሰር ስጋቱ ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ነው የዋጋው ምሥጢር ያለው። የመጀመሪያዋ ሰው ጂን ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለበት፤ ብልሽቱ የት እንዳለ አይታወቅምና። ለዘመዶቿ ግን ቦታው ታውቋል፤ ያቺን አንዲት ነጥብ ብቻ ማየት ይበቃል። ስለዚህ ምርመራው ያንሳል፣ ይረክሳል፣ መልሱም ቁርጥ ያለ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ የሚቻል ከሆነ አስቀድሞ የሚመረመረው ጤነኛው ሳይሆን የታመመው ነው። ጤነኛዋ ልጅ ብቻዋን ተመርምራ «አልተገኘም» ብትባል፣ በቤተሰቡ ያለው ብልሽት እርሷን አልፏት ይሁን ወይስ ላቦራቶሪው በማያየው ጂን ላይ ይሁን አይለይም።

«የለብሽም» የሚለው መልስም ገንዘብ ነው። በቤተሰቧ የታወቀው ብልሽት እንደሌለባት የተረጋገጠላት እኅት ስጋቷ ወደ ማንኛዋም ሴት ስጋት ይወርዳል። በየዓመቱ ኤምአርአይ መታየት፣ በፍርሃት ቀዶ ሕክምና ማሰብ አያስፈልጋትም። ልጆቿም በእርሷ በኩል ከዚህ ዕዳ ነፃ ናቸው።

ታዲያ ይህን ያህል ጥቅም ያለው ሥራ ለምን አይሠራም? ምክንያቱ ከፋዩ ስላልተገኘለት ነው። ሆስፒታሉ የሚከፈለው ፊቱ ለተቀመጠው በሽተኛ ነው። በሌላ ከተማ ላለች አክስት ስልክ ደውሎ ማስረዳት ክፍያ የለውም፤ የበሽተኛው ምሥጢር በመሆኑም ሐኪሙ በገዛ ሥልጣኑ አይደውልም። ስለዚህ መልእክተኛዋ ያው በሽተኛዋ ትሆናለች፤ በሕክምና ላይ ያለች፣ ፀጉሯ የረገፈ፣ ለልጆቿ እንዴት እንደምትነግር የጨነቃት ሴት።

በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ ሌላ ቋጠሮ አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ካንሰርን በስሙ የማንጠራ ብዙዎች ነን። «በዘሩ አለበት» ከተባለ ለልጅ ጋብቻ ይከብዳል ተብሎ ይሸሸጋል። እናት በምን እንደሞተች ለልጆች ሳይነገር ይቀራል። ቤተሰቡም በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ ተበትኗል። በዋሽንግተን የተገኘ ውጤት የአዲስ አበባዋ እኅት ንብረትም ነው፤ በስልክ «ካንሰር ነው አሉኝ» ከማለት ይልቅ የተበላሸው ነጥብ በትክክለኛ መለያው የተጻፈበትን የላቦራቶሪ ወረቀት ቅጂ መላክ ይገባል። ያ ወረቀት የሌላት እኅት ምርመራውን ከዜሮ ለመጀመር ትገደዳለች።

ኢንሹራንስ ሲጠይቅ

የጂን ውጤት ሚስጥር ሆኖ ካልተያዘ በዕዳ መዝገብ ላይ እንደተጻፈ ስም ነው። በአሜሪካ ይህን ስጋት ለመቀነስ በሜይ 2008 ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ሕግ ወጥቷል። በሴኔቱ 95 ለ0፣ በተወካዮች ምክር ቤት 414 ለ1 ነበር ያለፈው። በሕጉ መሠረት የጤና ኢንሹራንስ ኩባንያ በጂን ውጤት ምክንያት ደንበኛን ሊከለክል ወይም ክፍያ ሊጨምርበት አይችልም፤ አሠሪም በዚህ ሰበብ ሊያባርር አይችልም።

ነገር ግን ሕጉ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛ፣ የሕይወት ኢንሹራንስን፣ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን አይነካም። ሁለተኛ፣ ከ15 በታች ሠራተኛ ባለው ድርጅት ላይ የአሠሪው ክልከላ አይሠራም። በአሜሪካ በአነስተኛ ምግብ ቤትና መደብር ተቀጥሮ የሚሠራ ወገን ይህን ማወቅ ይገባዋል። የፍሎሪዳ ግዛት በ2020 ለሕይወት ኢንሹራንስም ክልከላ አውጥታለች።

ሌሎች አገሮች ከዚህ በላይ ሄደዋል። ካናዳ በ2017 ባወጣችው ሕግ ማንንም ሰው የጂን ውጤት እንዲያቀርብ ማስገደድ እስከ 1 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ወይም እስከ አምስት ዓመት እሥራት ያስቀጣል። በእንግሊዝ መንግሥትና ኢንሹራንስ ሰጪዎች በ2018 በተስማሙበት ደንብ፣ ኩባንያዎቹ የተጋላጭነት ምርመራ ውጤትን የሚጠይቁት ለአንድ ሃንቲንግተን ለሚባል በሽታ፣ ያውም ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ ለሆነ የሕይወት ውል ብቻ ነው።

በአሜሪካ ያሉ የዘረመል አማካሪዎች ለጤነኛ ሰው የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፤ የሕይወት ኢንሹራንስ የምትገባ ከሆነ ከምርመራው በፊት ግባ። ከምርመራው በኋላ ተጠይቆ መዋሸት ግን ውሉን ያፈርሳል፤ ጉዳቱም ለወራሽ ነው።

ሚዛኑ የማን ነው?

ላቦራቶሪ አንድን የጂን ለውጥ ሲያገኝ አደገኛ መሆኑን የሚያውቀው ቀደም ብለው ከተነበቡ ሰዎች ጋር አመሳክሮ ነው። እዚህ ላይ ለአፍሪካዊ ገዥ ትልቅ ጥያቄ ይነሳል። እስከ 2018 በዓለም ላይ በተደረጉት ሰፋፊ የዘረመል ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 78 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው፣ 2 በመቶ ያህሉ ብቻ አፍሪካውያን ነበሩ። ስለዚህ አፍሪካዊ ሰው ሲመረመር «ለውጥ ተገኝቷል፣ ትርጉሙ ግን አልታወቀም» የሚል መልስ የማግኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ገንዘቡ እኩል ተከፍሎ፣ መልሱ እኩል አይደለም። በ2013 የተከፈተው ክሊንቫር የተባለ የአሜሪካ የሕዝብ መዝገብ ላቦራቶሪዎች ያገኙትን በአንድ ቦታ እንዲያኖሩ በማድረግ ክፍተቱን ማጥበብ ጀምሯል፤ ሚዛኑ ግን ገና አልተስተካከለም።

ለቤት ውስጥ የሚሸጠው የምራቅ ምርመራም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። 23ኤንድሚ የተባለው ኩባንያ በ2018 ያገኘው ፈቃድ ሦስት የብራካ ለውጦችን ብቻ ለመንገር ነበር። ሦስቱም በአሽከናዚ አይሁድ ዘንድ የሚዘወተሩ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል ከ40 ሰዎች አንዱ ከሦስቱ አንዱን ይሸከማል። አደገኛነታቸው የታወቀው የብራካ ለውጦች ግን በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። በ2023 ዝርዝሩ ወደ 44 ከፍ ቢልም፣ ኢትዮጵያዊት ገዥ «አልተገኘም» የሚለውን አንብባ «ነፃ ነኝ» ብትል ተታልላለች።

የራስን መዝገብ መያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ የኢትዮጵያ ምሳሌ አለ። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይቀየራል። ቀያሪውን ጂን በብዛት የወረሰ ሰው በፍጥነት ስለሚቀይረው በተለመደው መጠን ሊመረዝ ይችላል። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው እንዲህ ያሉ መሆናቸውን አሳየ፤ በሰሜን አውሮፓ ይህ ቁጥር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ቆይቶም የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ2013 ለሕፃናት ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ኮዴይን እንዳይሰጥ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉት ጭራሹን ከለከለ። ለስቶክሆልም የተሰፋ ልክ ለአዲስ አበባ እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይፈለግም።

መዝገቡ ሲሸጥ

23ኤንድሚ በ2021 አክሲዮኑ ለገበያ ሲቀርብ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። ዕቃው ግን አንድ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገዛው ነው፤ ተመላሽ ደንበኛ የለውም። በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ በሌቦች እጅ ወደቀ። በማርች 2025 ኪሳራውን ሲያስታውቅ በመጋዘኑ የቀረው ውድ ንብረት ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የጂን መረጃ ነበር። ሬጄኔሮን የተባለ መድኃኒት አምራች 256 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ በመጨረሻ የኩባንያው መሥራች አን ወይቺስኪ ያቋቋሙት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ305 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ምራቁን በፖስታ የላከ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የወንድሙንና ገና ያልተወለደ የልጅ ልጁን መረጃ ጭምር በአንድ ኩባንያ መደርደሪያ ላይ እንዳስቀመጠ ያኔ ተገለጠለት።

ገዥም ባለሀብትም የሚጠይቁት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት በጥቂት ጥያቄ ይጠቃለላል። ገዥ ከመክፈሉ በፊት፣ በቤተሰቡ የታመመ ካለ አስቀድሞ የተመረመረው እርሱ ነው ወይ? ላቦራቶሪው ጂኑን በሙሉ ያነባል ወይስ ጥቂት ነጥቦችን ብቻ? «ትርጉሙ ያልታወቀ» የሚል መልስ ከመጣ፣ ኋላ ሲታወቅ የሚነግረኝ ማነው? መጥፎ ውጤት ቢወጣ የምታይልኝ ኤምአርአይና የሚያክመኝ ሐኪም አሉ ወይ? ድርጅቱ ቢሸጥ መረጃዬ ወዴት ይሄዳል? ብሎ መጠየቅ አለበት። ለእነዚህ መልስ የሌለው ምርመራ በ249 ዶላርም ውድ ነው።

በጤና ዘርፍ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብትም ከሚርያድና ከኢንቪቴ የሚማረው አለ። አንደኛው በሩን በመዝጋት አተረፈ፤ በሩ ሲከፈት ትርፉም ወጣ። ሁለተኛው በር ከፍቶ ብልቃጥ ቆጠረ፤ ብልቃጡ ሲበዛ ኪሳራውም በዛ። መሣሪያውን ማንም ሊገዛው ይችላል። በቀላሉ የማይገዛው ውጤቱን በራሱ ሰው ቋንቋ የሚያስረዳ አማካሪ፣ በራሱ ሕዝብ ላይ የተመሠረተ መዝገብ፣ እንዲሁም አክስቲቱ ዘንድ ደውሎ «አንቺም ታዪ» የሚል ሥርዓት ነው። እስከዚያው ድረስ ያ ስልክ የሚደወለው ከቤተሰብ ነው፤ ሲደወልም ዋጋው የአንድ ጥሪ ሂሳብ ብቻ ነው።